እንቢ ሲላችሁ ሞረድ አንሱ!

እንቢ ያለን ነገር ሁሉ ጉልበት አይፈልግም። ብዙ ጊዜ የጎደለው በእጃችን ያለው መሣሪያ ከሥራው ልክ ጋር መግጠሙ ነው።

ምስክር እንጥራ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1790 ጀምሮ ለንደን ፒካዲሊ፣ በጓጉንቸር ሠሪው ጆሴፍ ብራማ ሱቅ መስኮት ላይ አንድ ጓጉንቸር ተቀምጦ ነበር። ያለ ቁልፉ የሚከፍተው መሣሪያ ለሠራ ሰው 200 ጊኒ እንደሚከፈል ተጽፎበታል። ከ60 ዓመት በላይ የከፈተው አልተገኘም። በ1851 ግን አሜሪካዊው ጓጉንቸር ሠሪ አልፍሬድ ሆብስ ለንደን ላይ ለተካሄደው ታላቁ ኤግዚቢሽን መጥቶ ሊሞክር 30 ቀን ተሰጠው። በ16 ቀናት ውስጥ በድምሩ 51 ሰዓት ሠርቶ ከፈተው፤ ሽልማቱንም ተቀበለ።

ምሥጢሩ ምን ነበር? ጓጉንቸሩ ውስጥ እያንዳንዳቸው ልክ በሆነ ጥልቀት መገፋት ያለባቸው 18 ቀጫጭን ብረቶች ነበሩ፤ ጠንካራ ሞላም እጅን መልሶ ይገፋል። ሆብስ ከሞላው ጋር በእጁ አልታገለም። ሞላውን ተጭኖ የሚይዝ መሣሪያ ጓጉንቸሩ በተገጠመበት እንጨት ላይ አሰረና እጁን ነፃ አወጣ። የጣቶቹ ሥራ ብረቶቹን እየገፉ ማዳመጥ ብቻ ሆነ።

ዛሬም በአሜሪካና በአውሮፓ ጓጉንቸር መክፈትን እንደ ስፖርት የያዙ ሰዎች አሉ። የራሳቸውን ወይም የተፈቀደላቸውን ጓጉንቸር እንጂ የሌላውን አይነኩም። አንዳንዶቹ መሣሪያቸውን ከአሮጌ የሴጌቶ ምላጭ ይሠራሉ። የመጀመሪያው ሥራ ብዙ ጊዜ ወፍራም ነው፤ ቀዳዳው ውስጥ ይነክሳል። ያን ጊዜ አይጥሉትም። ከሆዱ በኩል ጥቂት ይሞርዱታል፣ ይሞክሩታል፣ ደግመው ይሞርዱታል። ብረቱ ግሎ ጥንካሬውን እንዳያጣ ቶሎ ቶሎ ውኃ ውስጥ ይነክሩታል። ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሱታል፣ እጀታውንም ጣት እንዳይደክም በላስቲክ ይጠቀልሉታል። ከተሞረደ የማይመለስ ስለሆነ አይቸኩሉም።

እናንተስ? ለሃያ መሥሪያ ቤት አንድ ዓይነት ሲቪ ልካችሁ መልስ ካጣችሁ፣ ሃያ አንደኛውን ከመላካችሁ በፊት ሲቪውን ለዚያ ቦታ ሞርዱት። የማታ ጥናታችሁን እንቅልፍ ካሸነፈው፣ ራሳችሁን ከመውቀስ ሰዓቱን ወደ ንጋት አዙሩት። ስልኩ ሐሳባችሁን ከበተነው እንደ ሆብስ ሞላ አንድ ቦታ እሰሩት፤ ሌላ ክፍል ይቀመጥ።

ሁሉንም በአንድ ቀን አትለውጡ። አንድ ነገር ቀንሱ፣ ሞክሩ፣ ውጤቱን እዩ፣ ከዚያ ቀጥሉ። ዛሬ ማታ የሚያስቸግራችሁን አንድ ሥራ ምረጡና የምትሠሩበትን መንገድ በጥቂቱ አስተካክሉ። ጉልበታችሁ በቂ ነው፤ የቀረው ልኩን ማግኘት ብቻ ነው። በርቱ!