ግማሽ ወይስ እኩል? በእጇ የገባው ግን ዜሮ ነው



ባለፈው ጁምዓ ቦሌ ሚካኤል ሰግደን ስንወጣ አምስት ስድስት ወጣቶች የጫማቸውን ክር እንኳ ሳያስሩ አንድ ስልክ ላይ ተደፍተው ይከራከራሉ። ቪዲዮው ስለ ፌሚኒዝም ነው። ተናጋሪዋ ኢስላም ለሴት ልጅ የወንድሟን ግማሽ ብቻ ይሰጣል ትላለች፤ ልጆቹ መልስ ሊጽፉላት ነው። እኔን ሲያዩ «ኡስታዝ፣ ምን ብለን እንመልስላት?» አሉኝ።

መልሱን ልነግራቸው አፌን ስከፍት ሌላ ጥያቄ ቀደመኝ። «ከእናንተ መሐል አያቱ ሲሞቱ አክስቶቹ ድርሻቸውን ሲወስዱ ያየ አለ?»

ዝም አሉ። አንዱ ብቻ «የኛ ቤት ገና አልተካፈለም» አለ። አያቱ ከሞቱ 11 ዓመታቸው ነው።

ስለ ግማሹ መልሱ የታወቀ ነው፤ ባጭሩ ልበለው። ወንድ ልጅ የሴት ልጅን እጥፍ የሚወስደው እንደ ልጆች፣ እንደ ወንድምና እህት ባሉ ቦታዎች ነው እንጂ በሁሉም ቦታ አይደለም። ሟች ወንድ ልጅ ካለው እናትና አባቱ እኩል 1/6፣ 1/6 ይወስዳሉ። በእናት ብቻ የሚገናኙ ወንድምና እህቶችም እኩል ነው የሚካፈሉት። መህርና ቀለብ በወንዱ ላይ ግዴታ ሲሆን የሴቷ ገንዘብ ግን የራሷ ነው። ይህን አምንበታለሁ፣ አስተምረዋለሁም። ነገር ግን እጥፉን ወስዶ እህቱ ስትፈታ በር የሚዘጋባት ወንድም፣ ይህን መልስ በአደባባይ የመናገር ድፍረቱን ከየት አመጣው?

ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ በሥነ ጽሑፍ ትምህርት የእንግሊዛዊቷን ደራሲ የቨርጂኒያ ዉልፍን መጽሐፍ አንብበን ነበር። በ1929 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ነው፤ ርዕሱን «የራስ ክፍል» ልንለው እንችላለን። ፌሚኒዝም ሲነሳ ሁሌ የሚጠቀስ መጽሐፍ ነው። ሴት እንድትጽፍ ገንዘብና የራሷ ክፍል ያስፈልጋታል ነው የሚለው። ተራኪዋ ገንዘቡን ያገኘችው ከየት መሰላችሁ? ከአክስቷ በውርስ፤ በዓመት 500 ፓውንድ። በዚያው ሰሞን ለሴቶች የመምረጥ መብት ተሰጥቶ ነበር፤ እሷ ግን ከሁለቱ ገንዘቡ ይከብዳል ትላለች። በእንግሊዝ ያገባች ሴት ንብረቷን በራሷ ስም የመያዝ ሙሉ መብት ያገኘችው በ1882 በወጣ ሕግ ነው። መድረሳ ያደግኩት እኔ ይህን ሳነብ «እኛ ዘንድ እኮ ከ1,200 ዓመት በላይ ቀድሞ ነው» ብዬ ፈገግ አልኩ።

ፈገግታዬ አልቆየም። ወሎ ያለችው የራሴ አክስት ትዝ አለችኝ። የአያቴ ቤትና ከብት ሲከፋፈል ለሷ አንዲት ጊደር ተሰጥታ፣ በሽማግሌ ፊት «ይቅር ብያለሁ» እንድትል ተደረገ። አለችም። ያን ቀን ቡና ያፈላችውም እሷ ነበረች።

አሁን ወደ ሱረቱ ኒሳእ እንሂድ። ሰዕድ ኢብኑ ረቢዕን (ረ.ዐ) ታውቁታላችሁ፤ ከመካ ባዶ እጁን ለመጣው ለዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ) ሀብቱን እኩል ሊያካፍለው ያቀረበው የመዲና ሰው ነው። በኡሑድ ሸሂድ ሆነ። ወንድሙ መጥቶ ንብረቱን ጠቅልሎ ወሰደ። በዘመኑ ልማድ ነውር አልነበረም፤ የሚወርሰው ጦር ይዞ የሚዋጋው ነበርና። ባለቤቱ ግን ሁለት ሴት ልጆቿን ይዛ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ዘንድ ሄደች። አጎታቸው ሁሉን እንደወሰደ፣ ያለ ገንዘብ ደግሞ ልጆቹ ማግባት እንደማይችሉ ነገረቻቸው። እሳቸውም ታገሺ፣ የቤተሰብ ገመና አታውጪ አላሏትም። አላህ ይፈርዳል አሉ፤ የውርሱም አያ ወረደ። አጎትዬውን አስጠርተው ለሁለቱ ልጆች 2/3፣ ለእናታቸው 1/8 እንዲሰጥ፣ የተረፈው የሱ እንዲሆን አዘዙት።

በኛ ሰፈር እናስላው። ገርጂ ያለ አንድ ቤት 4,800,000 ብር ተሸጠ እንበል፤ የሟች ዕዳና ኑዛዜ ተፈጽሞ። ለሁለቱ ሴት ልጆች 3,200,000፤ ለእናታቸው 600,000፤ ለአጎት 1,000,000። ሁሉን የወሰደው ሰው መጨረሻ ላይ የተረፈውን ተቀበለ።

ልብ በሉልኝ፤ የሚራስ ዝርዝር የወረደው በንድፈ ሐሳብ ክርክር አይደለም። አንዲት እናት ቤቷን ዘግታ አላለቀስም ብላ በመውጣቷ ነው።

ታዲያ ድርሻው እንዴት ነው ዜሮ የሚሆነው? ብዙ ጊዜ ማንም «አልሰጥሽም» አይላትም። «እናታችን በሕይወት እያለች እንዴት ቤት እንካፈል?» ይባላል። «እሷ ባል አላት» ይባላል። «የአባታችን ቤት ለባዕድ አይሸጥም» ይባላል፤ ኪራዩን ግን ታላቅ ወንድም ይሰበስባል። አንዳንዴ ደግሞ እንደ አክስቴ ይቅር ታሰኛለች። ዑለማዎች በሰይፍ የተወሰደንና በሀፍረት የተወሰደን ገንዘብ ለይተው አያዩም። ይቅርታው ይቅርታ የሚሆነው ድርሻዋ በብር ስንት እንደሆነ ተነግሯት፣ እምቢ ብትል ዝምድናው እንደማይቋረጥባት አውቃ፣ ያኔም ወዳ ከተወችው ነው።

የአገራችን ሕግስ? የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ልጆችን ያለ ጾታ ልዩነት እኩል ያወርሳል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 35 ለሴቶች በውርስ እኩልነትን ደንግጎ፣ በአንቀጽ 34 ደግሞ ተከራካሪዎች ከፈቀዱ በሃይማኖት ሕግ መዳኘትን ይፈቅዳል። የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች በአዋጅ 188/1992 የሚሠሩት በዚህ ፈቃድ ነው። አንዲት የአዲስ አበባ ሙስሊም ሴት በውርስ ጉዳይ አልፈቀድኩም እያለች በሸሪዓ ፍርድ ቤት ተፈርዶባት ነገሩ እስከ ፌዴሬሽን ምክር ቤት ደረሰ፤ ምክር ቤቱም በ1996 ያለ ፈቃዷ መዳኘት አልነበረባትም ብሎ ወሰነ። ያኔ የተቆጡ ነበሩ። እኔ ሌላ ነገር ነው የምጠይቀው። አንዲት ሙእሚን ሴት ከአላህ ሕግ የምትሸሸው ለምንድን ነው? ብዙዎቹን ሳናግራቸው የሚፈሩት አያውን አይደለም፤ አያውን ይዞ የሚመጣውን ወንድማቸውን ነው።

እኛ መስጂድ ላይ አውሮፕላን ሲያልፍ ኹጥባው ለአፍታ አይሰማም። ከነዚያ አውሮፕላኖች ውስጥ ስንቶቹ እህቶቻችንን ወደ ሪያድና ኩዌት እንደሚወስዱ ታውቃላችሁ። ባለፈው ሳምንት ከመካከላቸው አንዷ መጣች፤ በፈቃዷ ነው የምጽፈው። ለ9 ዓመት ሰው ቤት ሠርታ በላከችው ብር ወንድሟ ምሥራቅ አዲስ አበባ ውስጥ ኮንዶሚኒየም ገዛ፤ በስሙ። አሁን አባታቸው ሲሞቱ ወንድሞቿ «የቤተሰብ ቤት ነው፣ በሸሪዓ እንካፈል» አሏት። ሚራስ ልትጠይቅ አልመጣችም፤ የገዛ ቤቷን በሚራስ ስም እንዳይካፈሉባት ነው የመጣችው!

ግዛልኝ ተብሎ ገንዘብ የተሰጠው ሰው ወኪል ነው፤ የገዛውም የላኪዋ ነው። ሟች ያልነበረው ንብረት ደግሞ አይወረስም። ፊቂሁ ይህን ያህል ግልጽ ነው። ችግሩ ማስረጃው ላይ ነው፤ የባንክ ደረሰኝ ያላት ለ4 ዓመቱ ብቻ ነው፣ የቀረውን በሰው እጅ ነበር የላከችው። እህቴ፣ ውጭ ሆነሽ ይህን የምታነቢ ካለሽ፣ በባንክ ላኪ፣ ለምን እንደሆነ በጽሑፍ አስቀሪ፣ ኤምባሲ ሄደሽ ቤቱ በስምሽ እንዲገዛ ውክልና ስጪ። ወንድምን አለማመን አይደለም፤ ዕዳ እንዲጻፍ ያዘዘን አላህ ነው።

ወንድምዬውን በስልክ አግኝቼዋለሁ። መጀመሪያ ተቆጣ፤ ቀጥሎ ዝም አለ፤ በመጨረሻ ነገ ከዐስር በኋላ መስጂድ እመጣለሁ ብሏል። የእሷ በረራ እሑድ ሌሊት ነው። በዱዓችሁ አትርሷቸው።