የጢም አላላጭ፤ በምላጭና በኤሌክትሪክ መላጫ

ጢሙን የሚላጭ ሰው ሁሉ ፊቱ እንዲለሰልስለት ይፈልጋል። በመስተዋት ፊት ቆሞ ጕንጩን በመዳፉ ይዳብሳል፤ የሚኮሰኩስ ጠጕር ያገኘ እንደ ሆነ ምላጩን እንደገና ያነሣል። እኛ ግን ስለ ጤና የምንጽፍ እንደ መሆናችን አስቀድመን የምንጠይቀው ሌላ ነው፤ መላጫው ቈዳን ሳያቈስል፣ የአንዱንም ሰው ደም ወደ ሌላው ሳያሻግር ሥራውን ይፈጽማልን?

ምላጭ ጠጕርን የሚቈርጠው በቈዳው ላይ በቀጥታ እየሄደ ነው። ስለዚህ ጢምን ሁለት ሦስት ደቂቃ ያህል በሙቅ ውሃ ማራስና በሳሙና አረፋ ማሸት ተራ ልማድ አይደለም፤ ውሃ የጠጣ ጠጕር ይለሰልሳልና ስለቱ ሳይጐትት ይቈርጠዋል። በደረቅ ፊት በደነዘዘ ምላጭ የሚላጭ ሰው ግን ከጢሙ ጋራ ቈዳውን ይልጣል።

የኤሌክትሪክ መላጫ አሠራሩ ሌላ ነው። አሜሪካዊው ጄኮብ ሺክ ይህን መሣሪያ በ1931 እ.ኤ.አ. ለገበያ ካቀረበ ወዲህ መልኩ ብዙ ተለዋውጧል። ዛሬ በሚሠሩት ላይ ጠጕሩ ቀዳዳ ባለው ስስ ብረት ውስጥ ይገባል፤ ስለቱም ከብረቱ በስተኋላ እየተንቀሳቀሰ ይቈርጠዋል። ቈዳና ስለት በቀጥታ ስለማይገናኙ መቈረጥ ይቀንሳል፤ ነገር ግን እንደ ምላጭ ከሥር አይላጭም። ብዙ ሰዎች ይህን እንደ ጉድለት ይቈጥሩታል፤ እኛ ግን ጢሙ ከርዳዳ ለሆነ ሰው ጥቅም ነው እንላለን።

ምክንያቱም እንዲህ ነው። ቈዳ ተወጥሮ ከሥር የተላጨ ጠጕር፣ ቈዳው በተለቀቀ ጊዜ ወደ ውስጥ ይሰምጣል። ጫፉ እንደ እሾህ የሾለ ነው፤ ከርዳዳም ስለሆነ ሲያድግ ወደ ላይ በመውጣት ፈንታ ተጠምዝዞ ቈዳውን ይወጋል። ሰውነትም እንደ ባዕድ ነገር ስለሚቈጥረው ቦታው ያብጣል፤ አንዳንድ ጊዜም መግል ይይዛል። በአንገትና ከአገጭ በታች የሚወጣውን ይህን እብጠት ብዙ ሰው ብጕር ነው ብሎ ያፈርጠዋል፤ ወይም በላዩ ላይ ደግሞ ይላጫል፤ በመጨረሻም ጥቍር ጠባሳ ይቀርበታል። እንዲህ ያለ ሰው ለአንድ ወር ያህል መላጨቱን ይተው፤ ከዚያም በቶንዶስ አንድ ሚሊሜትር ያህል እያስቀረ ይከርከም። የግድ በምላጭ የሚላጭ ከሆነ ባለ አንድ ስለት ይያዝ፤ ቈዳውን አይወጥር፤ ጠጕሩ ወደሚያድግበት አቅጣጫ ይላጭ። የኤሌክትሪክ መላጫም ቢሆን በኀይል ከተጫኑት ቈዳን ያስቈጣል።

የኤሌክትሪክ መሣሪያ በሽታ አያስተላልፍም የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ይህ ስሕተት ነው። ስለቱ በብጕር ወይም በቍስል ላይ ካለፈ በዐይን የማይታይ ደም ይይዛል። ሄፓታይተስ ቢ የተባለውን የጉበት በሽታ የሚያመጣው ቫይረስ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ 7 ቀን ሊቈይ ይችላል። ስለዚህ ጠጕር አስተካካዩ አዲስ ምላጭ በፊታችን ከወረቀቱ እንዲያወጣ መጠየቅ ነውር አይደለም። ቶንዶሱም በመጀመሪያ ጠጕሩና እድፉ በብሩሽ ይጠረግ፤ ከዚያ በኋላ በአልኮል ይጸዳ፤ በእድፍ ላይ የተረጨ አልኮል ከእድፉ ሥር አይደርስምና። የራሱን መሣሪያ ይዞ የሚሄድ ደንበኛ ከሁሉ የተሻለ አደረገ።

በቤት ውስጥም አባትና ልጅ በአንድ መላጫ አይጠቀሙ። ጢም ላበቀለ ጎረምሳ የአባቱን የኤሌክትሪክ መላጫ ከማዋስ ይልቅ ለራሱ ብቻ የሚሆን ባለ አንድ ስለት ምላጭ መግዛት ይበልጣል፤ ዋጋውም አነስተኛ ነው።