ዓሣን በእርጥቡ ወይስ በደረቁ መሸጥ ይሻላል?

ከባሮ ወንዝ የሚያዙት ቆሮሶ፣ አምባዛና ናይል ፐርች በጋምቤላ ሙቀት ቶሎ ይበላሻሉ። ኒውላንድ ለገበያ የቀረበ ዓሣ በዕለቱ ካልተሸጠ ኪሳራው የአስጋሪው ነው። ማድረቅ ከዚህ ቢያድንም፣ ሁልጊዜ ትርፍ አያስገኝም።

ስሌቱ፦ ለ1 ኪሎ ደረቅ ዓሣ፣ እንደ ዓሣው ዓይነትና እንደ አደራረቁ፣ ከ3 እስከ 5 ኪሎ እርጥብ ያስፈልጋል። ለምሳሌ 40 ኪሎ እርጥብ 10 ኪሎ ደረቅ ከሰጠ፣ የ1 ኪሎ ደረቅ ዋጋ ከ4 ኪሎ እርጥብ ዋጋና ከጨው፣ ከጉልበትና ከማጓጓዣ ወጪ ድምር መብለጥ አለበት። ካልበለጠ፣ ገዢ እስካለ ድረስ እርጥቡን እንዲሸጡ እንመክራለን።

ገዢ ለማያገኘው ዓሣ ግን ስሌቱ ሌላ ነው። ሳይደርቅ ከቀረ የሚጣል ስለሆነ፣ ዋጋው የማድረቂያውን ወጪ ከሸፈነ ማድረቁ ያዋጣል። ሆኖም መሽተት የጀመረ ዓሣ ቢደርቅም ጥራቱ አይመለስም። ስለዚህ ማኅበሩ የዕለቱን ገዢ ገምቶ፣ የሚደርቀውን ማታ ሳይሆን ጠዋት ይለይ። ሆድ ዕቃው ወጥቶ፣ ታጥቦ፣ ተሰንጥቆና በጨው ታሽቶ፣ ከመሬት ከፍ ባለ ቆጥ ላይ ይሰጣ።

የልማት ጣቢያ ሠራተኞች፣ ማኅበሩ ከመድረቁ በፊትና በኋላ ዓሣውን መዝኖ እንዲመዘግብ አሳዩ። ዋጋ መቁረጥ የሚቻለው የራስን ሚዛን በማወቅ ነው።