ፍም ወደ ቤት አይግባ

በየካቲት 2013 ዓ.ም. ቴክሳስን የመታው የበረዶ ማዕበል ከ4 ሚሊዮን በላይ ቤቶችንና ድርጅቶችን ያለ መብራት አስቀርቷል። የክፍለ ግዛቱ ጤና መሥሪያ ቤት 246 ሟቾችን መዝግቧል። በሂዩስተን አንዲት ኢትዮጵያዊት እናትና ልጇ የሞቱት በብርዱ ሳይሆን፣ ለሙቀት ሲባል ጋራዥ ውስጥ ከተነሣ መኪና በወጣ ጋዝ ነበር።

ስለዚህ የበረዶ ማዕበል ማስጠንቀቂያ ሲነገር ቀድሞ የሚወሰነው፣ መብራት ቢጠፋ ቤተሰቡ በምን እንደሚሞቅ ነው። ሌላው ቀላል ነው፦ ለአንድ ሰው በቀን 4 ሊትር ገደማ ውኃ፣ ቢያንስ ለ3 ቀን የሚበቃ መድኃኒት፣ የተሞላ ስልክ። ከምግብ ደግሞ በሶን የሚያህል የለም፤ በቀዝቃዛ ውኃ ተበጥብጦ ያጠግባል፣ እሳት አይጠይቅም።

ቧንቧዎች እንዳይፈነዱ በውጭ ግድግዳ በኩል ያሉት በቀጭኑ ይንጠባጠቡ፤ ደጅ ያሉት በጨርቅ ይጠቅለሉ። ቧንቧ ከፈነዳ ውኃው ወዲያው እንዲዘጋ፣ ዋናው መዝጊያ የት እንዳለ አዋቂዎቹ ሁሉ ይወቁ።

አሁን ወደ እሳቱ። አገር ቤት ከሰል ደጅ ይቀጣጠልና ጭሱ ሲያልቅ፣ ፍሙ ሲቀላ ወደ ውስጥ ይገባል። ብዙዎችን የሚያሳስተው ይኸው ልማድ ነው። ጭስ የሌለው ፍምም ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ጋዙ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ደም ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል፣ የተኛውንም ሰው ሳያነቃ ይገድላል። ለብርድ ተብሎ በተደፈነ ቤት ውስጥ ደግሞ ቶሎ ይጠራቀማል።

«መስኮቱን ገርበብ አድርጌዋለሁ» ብላችሁ አትጽናኑ። ለቡና ተብሎም ቢሆን የከሰል ምድጃ አታስገቡ። የጋራዡ በር ቢከፈትም መኪና እዚያ ውስጥ አታስነሡ፤ ጋዙ በግድግዳና በበር ስንጥቅ ወደ መኝታ ቤት ይዘልቃል። ጄኔሬተር ካላችሁ ከበርና ከመስኮት ቢያንስ 6 ሜትር ርቆ ደጅ ይቁም።

ከማዕበሉ በፊት አንድ ነገር ብቻ መግዛት ከቻላችሁ፣ በባትሪ የሚሠራ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ ይሁን፤ መኝታ ክፍሎቹ አጠገብ ስቀሉት። ለሙቀቱ ቤተሰቡ በሙሉ አንድ ክፍል ይሰብሰብ፣ በበሩ ሥር ፎጣ ይደረግ፣ ልብስ ይደራረብ፣ ጋቢውም ከሻንጣ ይውጣ። ከአንድ በላይ ሰው በአንድ ጊዜ ራሱን ካመመው፣ ካዞረው ወይም ካቅለሸለሸው ጉንፋን ነው ብላችሁ አትተኙ፤ ሕፃናቱንና አረጋውያኑን ይዛችሁ ውጡና 911 ደውሉ።