በትንሽ ወጪ ማብሰል ለጀማሪዎች፦ ከሽሮ እስከ ጓያ



የዚህ ወር ትምህርታችን አዲስ ጎጆ ለወጡ እህቶች፣ ቤት ተከራይተው ለሚማሩ ወጣቶችና «ወጥ መሥራት የሴት ነው» እያሉ ደረቅ ዳቦ ለሚበሉ ወንድሞች ነው። በደብረ ኤልያስም ሆነ በቢቸናና በሞጣ ሥጋ ለዘወትር ለማይደርሰው ቤት ገንቢው ምግብ ጥራጥሬ ነው። ከእንጀራ ጋር ሲበላ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል።

1. መዘፍዘፍ

ሽምብራም ሆነ ባቄላ ለቅማችሁ ማታ በብዙ ውሃ ዘፍዝፉ። ጠዋት ውሃውን ደፍታችሁ በአዲስ ውሃ ቀቅሉ። ቶሎ ይበስላል፣ ማገዶ ይቆጥባል፣ ሆድ መንፋትንም ይቀንሳል።

2. ሽሮ ወጥ

ሽንኩርቱን አድቅቃችሁ በትንሽ ውሃ አቁላሉ፤ ከዚያ ዘይትና ነጭ ሽንኩርት ጨምሩ። ለአንድ ብርጭቆ ሽሮ ከሦስት እስከ አራት ብርጭቆ ውሃ ይበቃል። ጀማሪ ከሆናችሁ ሽሮውን አስቀድማችሁ በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጡት፤ አይጓጉልም። እያማሰላችሁ በዝግታ እሳት እስኪንተከተክ አብስሉት።

3. ጨው

አዮዲን ያለውን ጨው ግዙ፤ እንቅርትን ይከላከላል። አዮዲን በሙቀትና በእንፋሎት ስለሚባክን ጨው የሚጨመረው ወጡ ሊወጣ ሲል ነው። ዕቃውንም ክደኑት።

4. የጓያ ጥንቃቄ

ጓያ ሌላው እህል ሲጠፋ በመረሬ አፈር ላይ የሚበቅል፣ ችግር የሚያስታግስ እህል ነው። ነገር ግን ነርቭን የሚጎዳ መርዝ አለበት። ለሁለትና ለሦስት ወር ዋና ምግብ ከሆነ እግርን ሊያሰናክል ይችላል። በ1980ዎቹ መጨረሻ በወሎ ደላንታ ዳውንት ወደ 2000 የሚጠጉ ሰዎችን አጥቅቷል። ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው ወጣት ወንዶችን ነው። እግር ይደርቃል፣ ጉልበት ይከዳል፤ አእምሮ ግን ደህና ነው። በፋርማሲያችን መደርደሪያ ላይ ይህን የሚያድን መድኃኒት የለም። «የሚጎዳው እንፋሎቱ ነው» የሚሉ አሉ፤ የሚጎዳው ግን መብላቱ ነው።

ስለዚህ፦

• ጓያን በእሸቱ፣ በቆሎ፣ በንፍሮና በቂጣ አታዘውትሩ።
• የግድ ከሆነ በብዙ ውሃ ዘፍዝፋችሁ አሳድሩት፤ ውሃውን ድፉ፤ ቀቅላችሁም የፈላውን ውሃ ድፉ። ይህ መርዙን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋም።
• ብቻውን ሳይሆን ከጤፍ፣ ከስንዴ ወይም ከበቆሎ ጋር፣ እህሉ በዝቶ ጓያው አንሶ ይበላ። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርትም አይጉደልበት።
• ዋጋው የወረደ ሽሮ ስትገዙ ጓያ ተቀላቅሎበት እንደሆነ ጠይቁ። ሻጭ ወገኖችም ደብቃችሁ አትቀላቅሉ፤ ገዢው የሚከፍለው በእግሩ ነውና።

ከቤተሰብ አንዱ እግሩ ከከበደው ወይም ከደረቀበት ጓያውን በዚያው ቀን አቁማችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ለልጆቻችሁ፣ ለወንዶቹም ጭምር፣ ይህን አሳዩአቸው።