ጭንቅላትዎ አልቆ አልተሰጠዎትም

«እኔ ለሒሳብ አልተፈጠርኩም።» «ቋንቋ ከጭንቅላቴ አይገባም።» «ዕድሌ ነው፤ ምን ላድርግ!» እንዲህ ስንል ትሕትና ይመስለናል። እኔ ግን በራስ ላይ የተበየነ የዕድሜ ልክ ፍርድ ነው እላለሁ፤ ያውም ምስክር ሳይሰማ። ስለዚህ አንድ ምስክር ላቅርብ።

የለንደንን ጥቁር ታክሲ መንዳት የሚፈልግ ሰው፣ ቻሪንግ ክሮስ ከተባለው ቦታ ዙሪያ 6 ማይል ውስጥ ያሉትን 25,000 ያህል ጎዳናዎች በቃሉ መያዝ አለበት። ጥናቱ ሦስት አራት ዓመት ይፈጃል። ተማሪው በሞተር ብስክሌት ከተማዋን ሲያስስ ይከርምና ፈታኙ ፊት ቀርቦ፣ ከዚህ ተነሥቶ እዚያ የሚያደርሰውን መንገድ ካርታ ሳያይ ይወጣዋል። ኢሌነር ማጓየር እና ካትሪን ዉሌት የተባሉ ተመራማሪዎች 79 ሠልጣኞችን ገና ከጅምሩ አንጎላቸውን በኤምአርአይ መረመሩ። ከዓመታት በኋላ ምርመራውን ደገሙና ውጤቱን በ2011 እ.ኤ.አ. አሳተሙ። ፈተናውን ያለፉት 39 ነበሩ። ለትውስታና ለአቅጣጫ ወሳኝ የሆነው ሂፖካምፐስ የተባለው የአንጎል ክፍል፣ ባለፉት ሰዎች ላይ በስተኋላው በኩል አድጎ ተገኘ። ከወደቁት መካከል ዳግም በተመረመሩት ላይ ግን እንዲህ ያለ ለውጥ አልታየም።

እኔን ያስደነቀኝ ሌላው ነው። መጀመሪያ ላይ ያለፉትና የወደቁት አይለያዩም ነበር፤ በማስታወስ ችሎታም፣ በሂፖካምፐሳቸው መጠንም። ያለፉት ግን በሳምንት ለጥናት የሰጡት ሰዓት የወደቁት ከሰጡት እጥፍ ያህል ነበር።

«ታዲያ ያ ትጋትስ ከየት መጣ? ከዘር፣ ከአስተዳደግ፣ ከኑሮ አይደለም ወይ?» ይሉኝ ይሆናል። ጥያቄው ከባድ ነው። ሁላችንም ከአንድ መስመር እንነሣለን ብዬም አልዋሽዎትም፤ ጠግቦ የሚማርና ተርቦ የሚማር ልጅ እኩል አይነሡም። ትጋታችን እንኳ የእኛ አይደለም የሚለው ሐሳብ ሰውን አልጋ ላይ እስኪጥል ድረስ እንደሚከብድ አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ዊልያም ጄምስ አይቶታል። በ1870 እ.ኤ.አ. ጄምስ የ28 ዓመት ወጣት ነበር፤ ሕክምና ተምሮ ቢመረቅም ሁሉ ነገር አስቀድሞ የተወሰነ ነው በሚል ጭንቀት ተውጦ ነበር። በሚያዝያ ወር ማብቂያ የፈረንሳዊውን ፈላስፋ የሻርል ረኑቪዬን ጽሑፍ አነበበና በማስታወሻው ላይ ውሳኔውን አሰፈረ፦ የመጀመሪያው የነጻነት ሥራው በነጻ ፈቃድ ማመን ይሆናል። ማረጋገጫ እስኪመጣለት አልጠበቀም። በ1890 ያሳተመው ባለ ሁለት ቅጽ የሥነ ልቦና መጽሐፍ ስለ ልማድ የሚያስተምር ምዕራፍ አለው፤ ውሳኔ በየቀኑ ካልተሠራበት እንደሚተን ጠንቅቆ ያውቅ ነበርና።

እኔም ከጄምስ ጎን እቆማለሁ። ዓለም ከጫፍ እስከ ጫፍ በምክንያትና በውጤት የታሰረች ብትሆን እንኳ፣ እርስዎ ዛሬ ማታ ደብተር መግለጥዎ ራሱ ከምክንያቶቹ አንዱ ነው። የነገው አንጎልዎ ያለ እርስዎ አይሠራም። «የተጻፈልኝ ይሆናል» ብሎ ደብተሩን የዘጋ ሰውም ምክንያት ሆኗል፤ ለሌላ ውጤት።

ጭንቅላት አልቆ እንደማይሰጥ የአእምሮ መለኪያ አባት የሚባለው አልፍሬድ ቢኔ ራሱ ያውቅ ነበር። በ1905 ከቴዎዶር ሲሞን ጋር ፈተናውን ያዘጋጀው በፓሪስ ትምህርት ቤቶች ልዩ እገዛ የሚያስፈልጋቸውን ልጆች ለመለየት እንጂ ማንንም «ደደብ» ብሎ ለመመዝገብ አልነበረም። የሰው ብልኅነት የማይጨመርበት ቁርጥ መጠን ነው የሚሉትን በ1909 ባሳተመው መጽሐፉ አጥብቆ ተቃወመ። መቃወም ብቻም አይደለም፤ ትምህርት ለሚከብዳቸው ልጆች ትኩረትና ትውስታ የሚያጠነክር ልምምድ እንዲሰጥ ደገፈ። ልጆቹ እንደ ሐውልት ሳይነቃነቁ ይቆማሉ። ወይም የተለያዩ ነገሮች የተለጠፉበት ሰሌዳ ለአፍታ ያዩና ይነሣባቸዋል፤ ያዩትንም ይጽፋሉ።

ይህ ልምምድ ገንዘብ አይጠይቅም። ዛሬ ማታ ልጆችዎን ሰብስበው ጥቂት ዕቃዎች በትሪ ላይ ይደርድሩ፤ ለአፍታ አሳይተው በነጠላ ይሸፍኑና የቀረውን ለእነሱ ይተዉ። ነገ አንድ ዕቃ ይጨምሩበት። ተራው ሲደርስ እርስዎም አብረው ይጫወቱ።