ጳጉሜን የማያውቅ መሣሪያ

በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው ጂቲኬ የሚባለውን የኮምፒዩተር መሣሪያ ነው። አስቀድመን ሥራውን እንግለጽ። በቂርቆስ ቤት የሚሠራ ሰው በሩንና መስኮቱን ራሱ አይበይድም፤ ከብረታ ብረት ቤት አሠርቶ ይገጥማል። ፕሮግራም የሚጽፍም ሰው እንደዚሁ በገጹ ላይ የሚታዩትን ቁልፎች፣ የጽሑፍ ሣጥኖችና የቀን መቁጠሪያ ተሠርተው ካሉበት አንሥቶ ይገጥማቸዋል። ጂቲኬ የእነዚህ ዕቃዎች ግምጃ ቤት ነው። ምንጩም ክፍት ስለሆነ ማንም ሰው አንብቦ ሊያሻሽለው ይችላል።

ሥራውን በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. የጀመሩት ስፔንሰር ኪምቦልና ፒተር ማቲስ የተባሉ የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። ጊምፕ ለተባለው የሥዕል ፕሮግራማቸው የሚጠቀሙበት መሣሪያ ባለቤት ያለውና ክፍት ያልሆነ ስለ ነበረ የራሳቸውን ሠሩ።

ለእኛም የመጣ መሻሻል አለ። በ1999 እ.ኤ.አ. የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም ፊደላት መዝገብ ገባ፤ በ2002 የወጣው ጂቲኬ 2ም ይህን መዝገብ ተቀበለ። ስለዚህ ዛሬ አማርኛ በጂቲኬ ገጽ ላይ ያለ ችግር ይነበባል።

ዳሩ ግን ጉድለቱ ከቀን መቁጠሪያው ላይ ነው። የጂቲኬ ቀን መቁጠሪያ የሚያውቀው የጎርጎርዮስን አቆጣጠር ብቻ ሲሆን ወሮቹም 12 ናቸው። ለዚህ አስረጂ እንስጥ። በካዛንቺስ ካሉት መሥሪያ ቤቶች ወደ አንዱ ጳጉሜን 3 ቀን 1990 ዓ.ም. የተወለደ ባለጉዳይ ቢመጣ፣ በዚህ መሣሪያ የሚሠራው ጸሐፊ ዕለቱን ከመቁጠሪያው ላይ አያገኘውም። ሴፕቴምበር 8 ቀን 1998 መሆኑን በራሱ አስልቶ ማስገባት አለበት። መስከረም 1 ደግሞ አንዳንዱን ዓመት ሴፕቴምበር 11፣ አንዳንዱን 12 ስለሚውል በአንድ ቀን መሳሳት ቀላል ነው። የተሳሳተችው ቀን ከመታወቂያው ጋር ሳትስማማ ስትቀር የሚመላለሰው ባለጉዳዩ ነው።

ታዲያ የጠፋው ዕውቀት ነውን? አይደለም። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ስሌቱን ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል። አይሲዩ የተባለው ሌላው ምንጩ ክፍት የሆነ ሥራም የኢትዮጵያን አቆጣጠር አስልቶ ይሰጣል። የቀረው ሁለቱን ማገናኘትና 13ኛዋን ወር በገጹ ላይ መሣል ነው።

ይህንንም የሩቅ አገር ሰው ይሠራልናል ብሎ መጠበቅ አይገባም፤ ጳጉሜን የሌለው ሰው ጳጉሜን አትጎድለውምና። ሥራውም የቴክኖሎጂ ተማሪዎች ብቻ አይደለም። የወሮቹን አጻጻፍ መወሰን፣ የገጹን ቃላት ወደ አማርኛ መመለስ፣ የዘመን አቆጣጠሩን ሕግ በግልጽ ጽፎ ማቅረብ የእኛ የሥነ ጥበባት ተማሪዎች ድርሻ ነው። ሁለት ተማሪዎች ግምጃ ቤቱን ከከፈቱት፣ ሌሎች ተማሪዎች አንዲት ወር ሊጨምሩበት እንዴት ያቅታቸዋል?